የሰፌድ የኋላ መልህቅ

የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ካርታ አውጥታችሁ ትፈልጓታላችሁ፤ ካርታ ላይ ደግሞ የለችም፤ ከዚያ ወዲያ የምለውን ሁሉ አታምኑኝም። ባሕር እንደነበራት፣ ጦርነት እንደነበራት፣ እኔም በአንዲት መርከብ ላይ በረኛ እንደነበርኩ ብቻ ያዙልኝ።

በረኛ ስል ኳስ የሚይዘውን አይደለም። ሌላ መርከብ አፍንጫው ሹል ነው፤ ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። የእኛዋ ግን ፊቷ ለሁለት የሚከፈት ትልቅ የብረት በር ነበር፤ ሆዷ ደግሞ ዝርግ። የተሠራችው ታንክ ጭና ወደብ በሌለበት ዳርቻ አሸዋው ላይ በደረቷ እንድትወጣ ነው። እሷ አሸዋው ላይ ስትቀመጥ እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ የብረት መረማመጃው ይወርዳል፣ ታንኮቹ እያጓሩ ይወጣሉ። ሆዷ ዝርግ ስለሆነ ማዕበል በመጣ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ታንገዋልለን ነበር። ስለዚህ ሰፌድ አልናት።

የወግ ስም አልነበራትም። በዚያች አገር ስም የሚወጣላቸው መድፍ ያላቸው መርከቦች ናቸው፤ ነጎድጓድ፣ ነብሮ፣ የጠላት እንባ የሚባሉ ነበሩ። የታንክ አመላላሽ ግን ቁጥር ይለጠፍባትና ይበቃታል። ለምን ብለን ብንጠይቅ፣ «እናንተ ብዙ አትቆዩም፤ ስም እናባክን?» ተባልን። አልተቀየምንም፤ የተናገሩት በትሕትና ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ግን ስለ ጋሽ አምባዬ ብዬ ነው።

አሸዋ ላይ መውጣት ለሰፌድ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መውረዱ ነው። ስለዚህ ገና ከዳርቻው ራቅ ብላ ሳለች ከጅራቷ በኩል መልህቅ ትጥላለች። መልህቁ ከሥር መሬት ይነክሳል፤ መርከቧ ወደፊት ስትሄድ የብረት ገመዱ ከኋላዋ እየተተረተረ ይቀራል። ታንኮቹ ከወረዱ በኋላ ገመዱን የሚጠቀልለው ሞተር ይነሳና ሰፌድ በገዛ ገመዷ ራሷን ወደ ኋላ ጎትታ ትላቀቃለች። ይሄ የጋሽ አምባዬ ሥራ ነበር። መልህቁ ቀድሞ ከተጣለ ገመዱ ያልቃል፤ ከዘገየ ደግሞ ለመጎተት አይበቃም። ጋሽ አምባዬ ሰዓቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ውኃው እየሳሳ ሲመጣ ወለሉ የሚንቀጠቀጥበት አኳኋን ይለወጣል፤ ያኔ «አሁን!» ይልና ይለቀዋል።

እናም ሰውየው ጦርነቱን በሙሉ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የጨረሰው። እኛ ዳርቻ ስንደርስ እሱ የሚያየው የመጣንበትን ባሕር ነው። በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ወደ ሆዷ ስትገባ፣ ሰው ሲጮህ፣ ሲሮጥ፣ እሱ ዓይኑ ገመዱ ላይ ነው። ለቅጽበት እንኳ ዞር ቢል፣ ማዕበሉ ጅራቷን ወደ ጎን ገፍቶ መርከቧን አሸዋው ላይ ሊያጋድማት ይችላል። ስንት ዳርቻ የረገጥን ሰዎች ነን፤ እሱ ግን አንዱንም አላየም። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኝ ነበር።

ስለዚህ ልማድ አበጀን። ከዳርቻ በለቀቅን ቁጥር ሁለት ኩባያ ሻይ ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ዳርቻ የዘገንኩት እፍኝ አሸዋ አለ። አሸዋውን ተቀብሎ በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ይገለብጠዋል። ከዚያ ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት ይልና ይጀምረኛል።

«እሺ በረኛው፣ ምን አየህ?»

«ዳርቻ ነዋ፣ ጋሽ አምባዬ። አሸዋ፣ ትንሽ ዛፍ።»

«ምን ዓይነት ዛፍ?»

«እኔ እንጃ። ጥይት ነበር እኮ።»

«ጥይቱ ዛፉን ይከልላል? አይ አንተ! ዓይን ላለው ሰው ነበር በሩን መስጠት።»

እንዲህ እያለ ያፋጥጠኛል። እኔም እየተማርኩ ሄድኩ። በሩን ከፍቼ ጎንበስ እያልኩ እንኳ የጎጆ ክዳን፣ የተሰጣ ልብስ፣ የውሻ ቀለም በዓይኔ እለቅም ጀመር፤ የሚጠይቀኝ አለና። ካፒቴናችን ዘርጋው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምተነው የማናውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ስንነጋገር ደረሰብንና ቃል ገባለት።

«አምባዬ፣ ጦርነቱ ይለቅ እንጂ አንድ ቀን ከፊት አቆምሃለሁ። በሩ ሲከፈት በዓይንህ ታያለህ።»

ጋሽ አምባዬ ከዚያ ወዲያ ስለ ጦርነቱ ማለቅ ሲወራ ጆሮውን ይቀስር ነበር። ለሌላው ሰው የጦርነት ማለቅ ቤት መግባት ነው፤ ለእሱ በር ሲከፈት ማየት ነበር።

የመጀመሪያው ውጊያችን የተሳሳተ ዳርቻ ላይ ነው የተደረገው። ጭጋግ ነበር። በሩን ስከፍት ጠላት የለም፤ በርበሬ ያሰጡ ሴቶች አሉ። ታንኮቹ ተንደርድረው ወጡና በርበሬው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አንደኛዋ ሴትዮ፣ «እንዳትረግጡት! ዙሩ!» ብላ ጮኸች። ዞሩ። አዛዡ ከታንኩ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዓሣ ጠብሰው አበሉን። በዜና ግን ጦራችን ዳርቻውን ያለ ኪሳራ ያዘ ተባለ፤ ይሄም ሐሰት አይደለም። ለጋሽ አምባዬ ከአሸዋው ጋር አንድ ዛላ በርበሬ ይዤለት ሄድኩ። ያን ቀን ስለ በርበሬው ቅላት ያልጠየቀኝ ነገር የለም።

በዚያን ጊዜ የግስጋሴ መሥሪያ ቤት የሚባል ነበር። ሥራው አገሪቱ ወደፊት ብቻ እንድትሄድ መቆጣጠር ነው። ከጭነት መኪናዎች የኋላ መመልከቻው መስታወት ተነቀለ። የቢሮ ወንበር መደገፊያ ሰውን ወደ ኋላ ያዘነብላል ተብሎ ተቆረጠ። ልጆቻቸውን ሊሸኙ ወደብ የሚመጡ እናቶችም «በደህና ተመለስ» እንዳይሉ ተከለከሉ፤ መመለስን የሚያነሳ ቃል የተዋጊን ልብ ይከፍላል ተባለ። «በደህና ሂድ» ይበቃል። እናቶቹም «በደህና ሂድ» ይሉና አፋቸውን በነጠላቸው ይይዙታል። የእኔም እናት እንደዚያው አደረገች።

ከዚህ መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። አቶ ልሳነወርቅ ይባላል፤ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ የማይለየው፣ ጨዋ፣ የሚናገረውን ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። መርከቧን ከፊት እስከ ኋላ ተመለከተና ጋሽ አምባዬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ በጃንጥላው እየጠቆመ።

«መልህቅ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ጋሽ አምባዬ።

«መልህቅ ከፊት አይደለም እንዴ የሚሆነው?»

«የፊቱም አለ። ይሄ የኋላው ነው።»

«የኋላው ለምን አስፈለገ?»

ጋሽ አምባዬ መዋሸት አያውቅበትም። እውነቱን ሊዘረግፈው አፉን ሲከፍት ካፒቴን ዘርጋው ቀደመው።

«ክቡርነትዎ፣ የዚች መርከብ ግለት አስቸጋሪ ነው። ጠላት ያለበትን ዳርቻ ካየች አትያዝም። ከኋላ የሚይዛት ካልተደረገ አሸዋውን አልፋ፣ ጠላትን አልፋ፣ ተራራውን ልትወጣ ትችላለች። ይሄ ግለቷን የምንቀንስበት ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

«እንዲህ ያለች መርከብ አለችን?» አለ። «አይነካባት። እንዲያውም ለሠራተኛው ማዕረግ ይሰጠው።»

የእህቶቿ፣ የሌሎቹ ታንክ አመላላሾች ሁሉ፣ የኋላ መልህቅ ግን በዚያው ሰሞን ተፈታ። በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተከምሮ በላዩ አበባ ተተከለበት። ጋሽ አምባዬ ግን በይፋ «የግለት ቀናሽ» ተባለ። ለሳምንታት ያህል ሽንት ቤት ሊሄድ እንኳ ሲነሳ፣ «ዞር በሉ፣ ግለት ቀናሹ መጡ!» እያልን መንገድ እንለቅለት ነበር። እሱም፣ «የእናንተን አፍ የሚቀንስ መልህቅ ቢኖር» እያለ ያልፈናል።

ከዚያ ትልቁ ውጊያ መጣ። ነጭ ዐለት የምትባለው ከተማ ተከባለች ተብሎ መርከቦቹ ሁሉ ተሰልፈው ዳርቻዋን ሞሉት። በሮች ተከፈቱ፣ ታንኮች ወጡ፣ ጦርነቱ ትንሽ ወደፊት ሄደና ተመልሶ መጣ። ሞተራችን ተነስቶ ገመዱ ሲወጠር ሰፌድ ተንገራግራ ከአሸዋው ለቀቀች። እህቶቿ ግን እንደተቀመጡ ቀሩ። ሞተር ቢያስጮሁ፣ ሰው ከፊት ወርዶ ቢገፋ፣ የሚጎትታቸው የለም። በመጨረሻ መርከበኞቹ በየመርከቦቻቸው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። የግስጋሴ መሥሪያ ቤት፣ «ጀግኖች መርከቦቻችን የረገጡትን ዳርቻ አንለቅም አሉ» ሲል በሬዲዮ አበሰረ።

ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ የነጭ ዐለት ሕዝብ «ወደ ባሕር ይገስግስ» የሚል ነበር። ማፈግፈግ የሚባል ቃል ስለሌለ እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከተማው ሊወድቅ ነው፣ ሕዝቡን አውጡ ነው። ከአሸዋው የምትወርድ መርከብ ደግሞ ሰፌድ ብቻ ነበረች። ተመላለስን። በሩን ስከፍት አሁን የሚወጣ የለም፤ የሚገባ ነው። ታንክ ይቆምበት በነበረው ወለል ላይ ድስት፣ ፍየል፣ አራስ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ ሞላ። ሰው ሲገባ የመጀመሪያዬ ነበርና ምን እንደምል ጠፍቶኝ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኳቸው፤ እነሱም በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ሆነው፣ «እንኳን ደህና ቆያችሁ» አሉኝ።

በመጨረሻው ጉዞ ላይ አንዲት ሴት በር ተሸክመው መጡ። እውነተኛ የእንጨት በር፣ ከነመዝጊያው። ስማቸው እትዬ ደብሪቱ ነው።

«እትዬ፣ በሩ ይቅር፤ ቦታ የለም» አልኳቸው።

«ቤቱንማ ትቼልህ መጣሁ፤ ምን ታረገኛለህ?» አሉኝ። «በር ካለኝ ቤት ይመጣል። ቤት ኖሮኝ በር ባይኖረኝ ግን ማንም ዘው ይላል።»

በሩን በአንድ ወገን አነሳሁላቸው። ሆዷ ሞልቶ ስለነበር እንደምንም ሽቅብ አውጥተናቸው ከበራቸው ጋር የተቀመጡት የኋላው ጫፍ ላይ፣ ጋሽ አምባዬ አጠገብ ሆነ። ያን ቀን ጭነቱ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ውኃውም እየሸሸ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ይጮሃል፤ ሞተሩ ጭስ መትፋት ጀመረ። ሞተሩ ሊቃጠል ነው፣ መርከቧ ቀረች ስንል ጋሽ አምባዬ በጓንቱ ገመዱን እየዳሰሰ፣ «በይ እናቴ፣ በይ፣ ትንሽ ነው» እያለ ያባብላት ነበር። እትዬ ደብሪቱም ሳይጠየቁ፣ «በይ እንጂ፣ በይ!» እያሉ ያግዙታል። ሰፌድ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ተንሸራተተች። እልልታው ከሆዷ ውስጥ ሲነሳ ብረቱ ራሱ ያለቅስ ነበር ብል አታምኑኝም።

መርከቧ ዞራ ስትሄድ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው የተተወው ከተማ ነው። እትዬ ደብሪቱ ከተማቸው እስኪጠፋ ድረስ አዩት። ከዚያ ወደ ጋሽ አምባዬ ዞር አሉ።

«አንተ ሁልጊዜ እዚህ ነህ?»

«ሁልጊዜ።»

«ከፊት ያለውን መች ታያለህ?»

«በረኛው ይነግረኛል።»

«ይሄ አፈ ጮሌ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤቴን ስሠራ ትመጣለህ። በዚህ በር ነው የምትገባው፤ እኔው ራሴ እከፍትልሃለሁ። ቃል ግባ።»

ጋሽ አምባዬ እጁን በበሩ እንጨት ላይ አድርጎ ቃል ገባ።

ጦርነቱ አለቀ። ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ስላለ የሚቀየም አልነበረም። የግስጋሴ መሥሪያ ቤት በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ሰው፣ መደገፊያ በሌላቸው በእነዚያው ወንበሮች የመታሰቢያ መሥሪያ ቤት ሆነ። ነጭ ዐለት ዳርቻ ላይ የቀሩት እህቶቿ ቀለም ተቀቡ፣ አጥር ታጠረላቸው፣ ስምም ወጣላቸው፤ የማያፈገፍግ፣ ጽኑ፣ እዚሁ ነኝ የሚባሉ አሉ። ሰፌድ ግን እኛን እንደያዘች ሃያ ዓመት ያህል ወደብ ላይ ታስራ ቆመች፤ ከዚያ ካፒቴን ዘርጋው ስለ እሷ ተጠራ፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

«ወደ ነጭ ዐለት ተልካችሁ ነበር» አለ አቶ ልሳነወርቅ በሐዘን። «ለምን እዚያ የላችሁም?»

«ሄደን ነበር» አለ ካፒቴኑ። «ከዚያ መጣን።»

«ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ለመጣ መርከብ ሐውልት እንዴት ይሠራል? የት ላይ?»

ካፒቴኑ ስላመጣናቸው ሰዎች ተናገረ። አቶ ልሳነወርቅ በትዕግሥት አዳመጠው። ሰዎቹን አልዘነጋቸውም ነበር። የነጭ ዐለት ሰዎች የሰፈሩት ጊዜያዊ በሚባል ዳርቻ ነው። ጊዜያዊ ስለሆነ መንገድ አልተሠራለትም፤ ወደብም አልተሠራለትም፤ ውኃው ስስ ስለሆነ ጀልባ አይጠጋውም፤ እህልና ጨው የሚደርሳቸው ግመል አሸዋውን ተሻግሮ ሲመጣ ነው። ልጆች እዚያው ተወልደው እዚያው አግብተዋል። ቤታቸው ግን እስከዛሬ ክዳኑ ጨርቅ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ መፍትሔ አገኘ፤ ሰፌድ ወደ ጊዜያዊ ትሂድ፣ እንደ ውለታ ትሰጣቸው፣ ቆራርጠው ለጣሪያ ይከፋፈሏት። የመርከብ ብረት ጣሪያ ላይ ቢወጣ ቤቱን ይጨፈልቀዋል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

«እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ትውጣ» አለ አቶ ልሳነወርቅ። «በሙሉ ኃይል። ከኋላም ምንም እንዳትጥሉ።»

ካፒቴን ዘርጋው ይህን ለጋሽ አምባዬ የነገረው ፊቱን አዙሮ ነው። ጋሽ አምባዬ ወደ ገመዱ ዞረ።

«እንግዲያው ሥራ የለኝም ማለት ነው» አለ።

«የለህም። ቃሌን የምጠብቅበት ቀን ነው፤ ከበረኛው ጋር ከፊት ትቆማለህ። ቢያንስ እሱን እንኳ።»

በዚያ ጠዋት ጋሽ አምባዬ ተላጨ። ከሻንጣው ሥር አጣጥፎ ያስቀመጠውን ኮት ለብሶ በሆዷ ውስጥ አልፎ ወደ እኔ መጣ። ከፊት ምን እንደሚደረግ አያውቅም፤ «የት ልቁም?» አለኝ፤ እንደ ሚዜ አቆምኩት። በሩ ገና ዝግ ስለሆነ ጨለማ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መሐል ግን ቀጭን ብርሃን ይገባል። ዓይኑን በዚያ ስንጥቅ ላይ አድርጎ፣ «ሰው አለ መሰለኝ፤ ጭስም አለ» እያለ ይነግረኝ ጀመር። እኔን! ስንት ዘመን በሩን የከፈትኩትን። ቦታ ለቅቄለት ወደ በሩ መክፈቻ ጠጋ አልኩ።

ሞተሮቹ ባለ በሌለ ኃይላቸው ጮሁ። ሰፌድ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በድንገት ጋሽ አምባዬ ዓይኑን ከስንጥቁ አነሳ። ወደ እግሩ ተመለከተ። ወለሉ የሚንቀጠቀጥበት አኳኋን እየተለወጠ ነበር።

«እዚህ ነው እኮ» አለኝ።

«ምኑ?»

«እዚህ ነው የምጥለው።»

ከስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ መልሶ አየው። ከዚያ ሮጠ። ጉልበቱ የታመመ፣ ኮት የለበሰ ሽማግሌ፣ የመርከቧን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነከሰ ሮጠ። እኔ የበሩን መክፈቻ ጨብጬ ነበርና ልከተለው አልቻልኩም። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ጫፍ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ መልህቁ ውኃውን ሲመታ፣ ገመዱ እየጮኸ ሲተረተር። ሰፌድ ከኋላዋ እንደተያዘች ሲሰማት ረጋ አለች፤ እንደ ሁልጊዜውም አሸዋው ላይ በቀስታ ተቀመጠች።

በሩን ከፈትኩ።

የጊዜያዊ ሕዝብ በሙሉ ቆሟል። መሥሪያ ቤቱ ለየቤቱ መዶሻና የብረት መጋዝ አድሎ ስለነበር ሁሉም ይዟል። አቶ ልሳነወርቅ በጃንጥላው ሥር አለ። ከእሱ ወዲያ፣ ግድግዳ በሌለበት፣ አሸዋ ላይ የተተከለ አንድ የእንጨት በር ለብቻው ቆሟል፤ ከጎኑ እትዬ ደብሪቱ።

«ከኋላ የሰማሁት ድምፅ ምንድን ነው?» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

ካፒቴን ዘርጋው ከላይ ሆኖ፣ «ግለቷን ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ። «እስካሁንም አልበረደላትም።»

አቶ ልሳነወርቅ የድሮውን አስታወሰ። ፊቱ ለስለስ አለ።

እትዬ ደብሪቱ መረማመጃው ድረስ መጡና ወደ ውስጥ አዩ። «የኋላው ሰውዬ የት አለ?»

«ከኋላ ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ውስጥ ገቡ። ሕዝቡም መዶሻውን እንደያዘ ተከተላቸው። እዚያ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ግን እግራቸው ዘገየ። «እኔ እኮ እዚህ ጋ ነበርኩ»፣ «ፍየሏን ያሰርናት በዚህ ብረት ነው»፣ «ይቺ ልጅ የተወለደችው እዚህ ጥግ ነው» መባባል ጀመሩ። ልጅቷ አድጋ እርጉዝ ሆና ቆማለች፤ ጥጉን ስታይ አፈረች። መዶሻው ሁሉ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ አምባዬ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለሁላችንም ሰጥቶ፣ ባሕሩን እያየ ነበር።

«ምን ነካህ?» አለው ካፒቴኑ ደርሶ። ቁጣ አልነበረበትም።

«እግሬ ነው» አለ ጋሽ አምባዬ። «እኔ አይደለሁም።»

እትዬ ደብሪቱ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ፤ ብትቀርብኝ መጣሁ።»

እሱ ዞር ብሎ ሲያያቸው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

አቶ ልሳነወርቅ እያለከለከ ደረሰ። «መቁረጡን ከየት ትጀምራላችሁ?» ሲል በቅንነት ጠየቀ።

«የእኛ ናት አይደል?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ሙሉ በሙሉ።»

«እንግዲያውስ ስንቆርጥ እንነግርዎታለን። ይቺ ልጅ ቀኗ ደርሷል፤ ሐኪም ያለው ከውኃው ማዶ ነው። ያለፈው ዓመት አንዷን ግመል ስንጠብቅላት ሞተችብን። እስኪ መጀመሪያ ይቺን አድርሰን እንምጣ፤ ጨውም አልቆብናል።»

«ግን ጣሪያው? መመሪያው እኮ…»

«ጣሪያው ይቆያል። እኛስ ጊዜያዊ ናችሁ ተብለን ስንት ዘመናችን ነው? እሷም እኛ ዘንድ ጊዜያዊ ትሁን።»

አቶ ልሳነወርቅ አሰበ፣ አሰበና ስህተቱን አጣው። ለእትዬ ደብሪቱ ጃንጥላውን ሰጣቸው፤ ለምን እንደሆነ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ውኃው እስኪሞላ ጊዜ ነበረን። እትዬ ደብሪቱ ጋሽ አምባዬን፣ «ቃልህስ?» አሉት። እሱ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ሂድ» አልኩት። «እኔ እይዘዋለሁ።»

ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝ፤ ገመዱን እንዴት እንደምዳስስ፣ ሲላላ ምን እንደማደርግ ደጋግሞ ነገረኝ፤ ሄዶ ተመልሶም ነገረኝ። ከዚያ ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፌድ ዳርቻ ላይ ሆና እኔ ከኋላ ነበርኩ። ባሕሩ ባዶ ነው፤ ገመዱ ወደ ውኃው ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። ከበስተጀርባዬ እልልታ ሰማሁ፣ ሳቅ ሰማሁ፣ ምን እንደሆነ ለማየት አንገቴን በላኝ፤ አልዞርኩም። ይሄ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻለው እያልኩ ቆምኩ።

ውኃው ሞልቶ ወለሉ መነቃነቅ ሲጀምር ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ መጣ። ከኮቱ ኪስ እፍኝ አሸዋ አወጣና መዳፌ ላይ አደረገልኝ። ገና ትኩስ ነበር።

«እሺ» አልኩት። «ምን አየህ?»

ሻዩን ፉት አለ። «አሸዋ ነው» አለ። «ትንሽ ዛፍ።»

«ምን ዓይነት ዛፍ?»

«እኔ እንጃ» አለና ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ። በሩን እንዳንኳኳ፣ እትዬ ደብሪቱ ከበሩ ወዲያ ዞረው «ማነው?» እንዳሉ፣ ግድግዳ የለም እንጂ ሁሉም ሰው በጎን እያየ እንዳላየ መስሎ እንደጠበቀ፤ «እኔ ነኝ፣ አምባዬ» እንዳለ፣ መዝጊያው እንደተነሳ፣ በሩ ወደ ውስጥ እንደተከፈተ። ውስጡ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር አለኝ። ጫማውን አውልቆ ገባ።

«ስትወጣስ?» አልኩት። «ምን አሉህ?»

ወደ ባሕሩ ዞረ። ጓንቱን ከእጄ ተቀብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከተተ።

«‹በደህና ተመለስ› አሉኝ» አለና ሞተሩን አስነሳ።